ሦስተኛው ፔዳል ልጃችንን አይጠብቅልንም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከሦስት ሰው ደርሶኛል። ጸሐፊው እንደኔ እዚህ አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ወንድም ነው። ምክሩ አጭር ነው። ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ከደረሰ ማንዋል መኪና፣ ያንን ፍሪሲዮን ያለውን ባለ ሦስት ፔዳል፣ ግዙለት ይላል። ምክንያቶቹ አምስት ናቸው። እጁም እግሩም ሥራ ስለሚይዝ ስልክ አይነካም። ሌባ መንዳት ስለማይችል አይሰረቅም። ጓደኞቹ አይዋሱትም። በዋጋውም በነዳጁም ይረክሳል። በመጨረሻም እኛ በማንዋል ተምረን ጎበዝ ሾፌር ወጥቶናል፣ ልጆቻችንም ይውጣቸው።

ወንድሜ ይህን የጻፈው ለልጆች አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። አንዳንዱ ነጥቡም እውነት አለበት። ግን ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወዳጄ ያዝ አደረገኝ። ልጁ በቅርቡ 16 ይሞላዋል። «ጽሑፉን አየኸው? ማንዋል ልፈልግለት ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ከበደኝ። ነገሩ የመኪና ጣዕም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። እዚህ አገር ግን ታዳጊዎችን ከሚገድሉ ነገሮች ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ የመኪና አደጋ ነው። በ2020 ብቻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከ13 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 2800 ያህል ልጆች በመኪና አደጋ ሞተዋል። በቀን ስምንት ልጅ ገደማ ማለት ነው።

እኔ የማንዋል ጠላት አይደለሁም። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። የሽሮ ሜዳን ዳገት ሰው ጭኜ፣ በዝናብ፣ እየቆምኩ እየተነሳሁ ወጥቻለሁ። ማርሽ የመለወጥ ደስታ እስከ ዛሬ ከእጄ አልጠፋም። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ልጆቼን መንዳት አስተምሬያለሁ። ትልቁን፣ ወንዱን፣ በማንዋል አስጀመርኩት። ታናሽ እህቱን በአውቶማቲክ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሁለቱ ጎን ተቀምጬ ያየሁትም አለበት።

«ስልክ አይነካም»

ዋናው ነጥብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መሃል ከተማ ውስጥ ከመብራት መብራት ማርሽ የሚለዋውጥ ልጅ ስልክ ለማንሳት እጅ ያጥረዋል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ልጆቻችን የሚነዱት እዚያ ብቻ ነው? ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ቨርጂኒያ አክስቱ ጋ የሚሄድ ልጅ 495 ሃይዌይ ላይ ይወጣል። መንገዱ ክፍት ከሆነ አምስተኛ ማርሽ ካስገባ በኋላ ካምቢዮውን የሚነካበት ምክንያት የለውም። ቀኝ እጁ ሥራ ፈት ነው። ቀይ መብራት ላይም ፍሪ አድርጎ ስልኩን ጭኑ ላይ ማየት ይችላል። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም። የሚኒባስ ሾፌር በአንድ እጁ ማርሽ እየለወጠ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ሲያወራ ያላየ ማን አለ? እጁ ሥራ ያዘ ብሎ ስልክ የሚተው ሰው የለም። መንገድ ይፈልግለታል።

ጸሐፊው ማርሽ ልጁን ንቁ ያደርገዋል ይላል። እሱ ያልጠቀሰው አንድ የሚደግፈው ነገር አለ፣ እኔ ላንሳለት። በ2006 የታተመ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራ አለ። የትኩረት ችግር ያለባቸው ጥቂት ወንድ ታዳጊዎች ኮምፒውተር በሚያንቀሳቅሰው የመንዳት ማስመሰያ ላይ ተፈተኑ። ማንዋል ላይ ሲሆኑ የተሻለ ነዱ። ግን ሙከራው በጣም ትንሽ ነበር። የተፈተኑትም ያ ችግር ያለባቸው ልጆች ብቻ ናቸው። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ችግር ካለበት ነገሩን ለሐኪሙ አንሱለት። ለሁሉም ልጅ የሚሆን ደንብ ግን ከዚህ አይወጣም።

ስለ ጀማሪዎች በሙሉ የሚናገር ሌላ ጥናት አለ። የወጣው በ1998 ነው፣ የተሠራው እስራኤል ውስጥ። የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሺናርና ባልደረቦቹ ጀማሪዎችንና ልምድ ያላቸውን ሾፌሮች፣ ገሚሱን በማንዋል ገሚሱን በአውቶማቲክ፣ በተጨናነቀ የከተማ መንገድ አስነዷቸው። ሾፌሮቹ መንገድ ዳር ያሉ ምልክቶችን እያዩ መናገር ነበረባቸው። ልምድ ያላቸው ላይ ማርሹ ለውጥ አላመጣም። ጀማሪዎቹ ላይ ግን አመጣ። ማንዋል የያዙት ጀማሪዎች አውቶማቲክ ከያዙት ጀማሪዎች ይልቅ ምልክት ያመልጣቸው ነበር። እንዲያዩ ከተነገራቸው ምልክቶች አንዱ ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ? «ቀስ በሉ፣ መንገድ ላይ ልጆች አሉ» ነው የሚለው።

ምክንያቱ አያስቸግርም። ለእኔና ለጸሐፊው ማርሽ መለወጥ እንደ መራመድ ነው፣ አናስበውም። ጀማሪ ግን ያስበዋል። እግሩን ያስባል፣ እጁን ያስባል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። የጀማሪ ትኩረት ገና ትንሽ ናት። ማርሹ ከወሰዳት ለመንገዱ የሚተርፍ የለም።

እኔ ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ጥናቱን ያወቅኩት። ልጄ ያኔ 16 ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። አንድ አሮጌ ማንዋል ገዝቼ ሦስት ሳምንት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ አለማመድኩት። ማስነሳት ቻለ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማስገባት ቻለ። በቃ ገብቶታል አልኩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጆርጂያ አቬኑ ወጣን። ወደ ግራ ሊታጠፍ ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ቀስት ግን የለውም። ከፊት የሚመጣውን አሳልፎ ነው የሚታጠፈው። ክፍተት አገኘና ተነሳ። መስቀለኛው መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋበት። አስነሳ፣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀ፣ እንደገና ጠፋ። እኔ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን!» እያልኩ እጮሃለሁ። እሱ አቀርቅሮ ካምቢዮውን ያያል። ከፊት የምትመጣዋን መኪና አላያትም። እኔ ነኝ ያየኋት፣ የምትመጣው እኔ በተቀመጥኩበት በር በኩል ነበር። ሾፌሯ ፍሬን ረግጣ በክንድ ርቀት አቆመች።

ቤት ስንገባ ልጁ እራት አልበላም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ፓርኪንግ ውስጥ የሠለጠኑት እጁና እግሩ ናቸው። መንገድ ማንበብ ገና አልጀመረም። ሁለቱን ባንዴ ያሸከምኩት እኔ ነኝ። መኪናውን በወሩ ሸጥኩት።

ስልክ ካሳሰበን ስልኩ ላይ እንሥራ። አይፎንም አንድሮይድም መኪና ሲነዳ መልእክት የሚያቆም ቅንብር አላቸው፣ ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አብሩት። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን እኛ ራሳችን መሪ ይዘን ስልክ ማንሳት እንተው። ሴቷ ልጄ አንድ ቀን ስመክራት ዝም ብላ ሰማችኝና «አባዬ፣ አንተስ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኔም ስልክ የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

«ሌባ አይሰርቀውም፣ ጓደኛ አይዋሰውም»

ሁለቱን አንድ ላይ ልመልስ፣ የሚመሳሰል ስህተት አለባቸውና።

የመኪና ስርቆት እዚህ አካባቢ ትልቅ ራስ ምታት እንደሆነ አውቃለሁ። ከ2022 ጀምሮ ኪያና ሀዩንዳይ እንዴት ሲሰረቁ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ግን ለምን ተሰረቁ? ብዙዎቹ ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ፣ በተራ ቁልፍ የሚነሱ ሞዴሎች ናቸው። ትክክለኛው ቁልፍ ካልሆነ ሞተሩን እንዳይነሳ የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክ መከላከያ አልነበራቸውም። ፖሊስ የመሪ መቆለፊያ ብረት በነጻ ያደለው ለዚህ ነው። ልጃችሁ መኪና እንዳይሰረቅበት ከፈለጋችሁ ያ መከላከያ እንዳለው ጠይቁ። አሮጌ ማንዋል ስትገዙ እሱን የማታገኙበት ዕድል ሰፊ ነው።

ጸሐፊው ደግሞ መሣሪያ ይዘው መኪና የነጠቁ ሌቦች ማንዋል መሆኑን ሲያዩ ጥለው እንደሮጡ ይተርካል። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ደርሶ ያውቃል። በ2023 ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ንጥቂያ በጣም ጨምሮ ስለነበር ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት። ሴት ልጄ መንገድ ዳር ቆማለች። መሣሪያ የያዘ ልጅ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ማስነሳት አቅቶታል። እኔ በዚያች ደቂቃ የምመኘው መኪናውን ይዞ ቶሎ እንዲሄድላት ነው። ተናድዶ ወደ እሷ እንዲመለስ አልፈልግም። ብረቱን ኢንሹራንስ ይተካዋል።

ስለ ጓደኞቹም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው የፈራው ጓደኛው መሪ እንዳይዝ ነው። አደጋው ግን ጓደኛው አጠገቡ ሲቀመጥም አለ። ኤኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ባለመኪናዎች ማኅበር የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2012 ያወጣውን ልንገራችሁ። የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው በሌለበት አንድ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ጓደኛ ሲጭን፣ ብቻውን ከሚነዳበት ጊዜ ይልቅ የመሞት አደጋው በ44 በመቶ ይጨምራል። ሁለት ሲሆኑ በእጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በአራት እጥፍ። ማንዋል መኪናም የኋላ ወንበር አለው። ሜሪላንድ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ የያዘ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 151 ቀናት ከቤተሰቡ በቀር ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ብቻውን እንዳይጭን የከለከለችው ዝም ብላ አይደለም። ቨርጂኒያም በመጀመሪያው ዓመት ከ21 በታች የሆነ ከአንድ ጓደኛ በላይ አትፈቅድም። ይህን ሕግ የማያውቅ ብዙ ወላጅ አጋጥሞኛል። አውቆ የሚያስከብረው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «ጓደኞቹን ቤት አድርስ እንጂ» ብለን እኛው እናዝዘዋለን።

«በዋጋም በነዳጅም ይረክሳል»

ይህ ድሮ እውነት ነበር። ላዳ በምነዳበት ዘመን አውቶማቲክ የሀብታም መኪና ነበር፣ ነዳጅም ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግን ተገልብጧል። አንድ ምሳሌ ብቻ ላምጣ። የ2020 ቶዮታ ኮሮላ ኤስኢ ማንዋልም አውቶማቲክም ነበረው። በመንግሥት መለኪያ ከተማና ሃይዌይ ተደምሮ ማንዋሉ በጋሎን 32 ማይል ይሄዳል፣ አውቶማቲኩ 34። ከሁለት ዓመት በኋላማ ቶዮታ የተራውን ኮሮላ ማንዋል አቆመው።

ይህ የኮሮላ ብቻ ታሪክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጥ 100 አዲስ መኪና ማንዋሉ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የቀሩትስ ምን ዓይነት ናቸው? አብዛኞቹ የስፖርት መኪኖች። ማስታንግ፣ ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ፣ ማዝዳ ሚያታ። ደብልዩ አር ኤክስ 271 የፈረስ ጉልበት አለው። ይህን ለ16 ዓመት ልጅ የሚሰጥ አባት ስለ ስልክ የሚጨነቅበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ጸሐፊውን ሰምቶ ገበያ የወጣ ወላጅ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ ፈጣን መኪና፣ ወይ አሮጌ መኪና።

የአሮጌው ጉዳይ ነው የበለጠ የሚያሳስበኝ። መኪናው ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልስ ሥርዓት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም የቤት መኪና ላይ ግዴታ ነው። አንድ መኪና ብቻውን መንገድ ስቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ኩርባ ላይ ፈጥኖ ገብቶ ደንግጦ መሪ የሚጠመዝዝ ጀማሪ ልጅ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። በሦስት ሺህ ዶላር የሚገኘው አሮጌ ማንዋል ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ሥርዓቱ ላይኖረው ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ሌላም አለ። ከፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም፣ ሾፌሩ ባያይ እንኳ መኪናው ራሱ ፍሬን ይይዛል። ከኋላ የመግጨትን አደጋ በግማሽ ያህል የሚቀንስ ነገር ነው። ብዙ ማንዋል መኪኖች ይህን ያገኙት ዘግይተው ነው። ሱባሩን ውሰዱ። አይሳይት የሚባለውን ይህን ሥርዓቱን በአውቶማቲክ መኪኖቹ ላይ ለዓመታት ሲያስገባ፣ የዚያው ሞዴል ማንዋል ግን አልነበረውም። የደብልዩ አር ኤክስ ማንዋል ያገኘው በ2024 ሞዴል ነው። ስለዚህ ወላጁ ልጁን ከስልክ አድናለሁ ብሎ ማንዋል ሲገዛ፣ ልጁ ለአንዲት ሰከንድ ዓይኑን ከመንገድ ቢያነሳ የሚያድነውን ነገር ትቶ ሊገዛ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጥገናውን በአጭሩ ልለፈው። ጀማሪ ፍሪሲዮን ያቃጥላል። እዚህ አገር ማስቀየር በቀላሉ ከ1000 ዶላር ያልፋል።

«እኛ በማንዋል ተምረን ምን ሆንን?»

ጸሐፊው ከሁሉ ሞቅ ብሎ የጻፈው ይህን ነው። እኔንም ልቤን የነካኝ እዚህ ነው። ምክንያቱም እኔም ለልጄ ማንዋል የገዛሁት በዚህ ስሜት ነበር። ከእኔ የሚወርሰው ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነው። አማርኛው ተሰባብሯል፣ አገሩን በክረምት እረፍት ነው የሚያውቀው። እጁ ላይ ቢያንስ የአባቱ ሙያ ይኑር አልኩ።

ግን እኛ እንዴት እንደተማርን በደንብ እናስታውስ። እኔ መሪ የያዝኩት በ24 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ። በር ላይ ተንጠልጥዬ ሾፌሩ የሚያየውን ሁሉ አይቻለሁ። እግረኛው ከየት እንደሚወጣ፣ አህያ መቼ እንደምትዞር፣ የትኛው መኪና ሳያመለክት እንደሚገባ አውቅ ነበር። ማርሽ ስማር የቀረኝ ማርሹ ብቻ ነበር። ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እሱ «በል ቀስ» ሳይል ሦስተኛ ማርሽ አላስገባም ነበር። ፍጥነታችንም በሰዓት 30፣ 40 ኪሎ ሜትር ነው። የዛሬው የ16 ዓመት ልጅ ግን ያደገው የኋላ ወንበር ላይ ስክሪን እያየ ነው። መንገድ አላየም። በወራት ውስጥ ደግሞ 55 ማይል የተጻፈበት፣ ሰው ግን ከዚያ በላይ የሚበርበት ሃይዌይ ላይ እናወጣዋለን። 55 ማይል በእኛ 88 ኪሎ ሜትር ነው። የእኔና የእሱ አጀማመር አንድ አይደለም።

«ምን ሆንን?» ለሚለውም፣ የሆነ የሆነው ሰው ዛሬ ጽሑፍ አይጽፍም። አገር ቤት በመኪና አደጋ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያልቀበረ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። እኔ አብሮኝ ላዳ የሚነዳ ጓደኛ ቀብሬአለሁ። ጎበዝ ሾፌር ነበር። እሱም በማንዋል ነው የተማረው።

ጸሐፊው ልጁ ነገ አገር ቤት ሲሄድ ምን ሊነዳ ነው ብሎ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። አዲስ አበባ ውስጥ አሁን የኤሌክትሪክ መኪናው ብዙ ነው። እነሱ ፍሪሲዮን የላቸውም። በእርግጥ የቆየው ማንዋል ገና ለብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይኖራል። ግን ለአንድ ወር ጉዞ ሲባል የልጅን የመጀመሪያ ዓመት አደጋ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ለይቼ መናገር አለብኝ። አውሮፓ ያላችሁ ወላጆች ሁኔታ ይለያል። ብሪታንያ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም። ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተመሳሳይ ገደብ አላቸው። እስራኤልም እንዲሁ ነው። ጀርመን ከ2021 ጀምሮ በአውቶማቲክ ተፈትኖ፣ ቢያንስ አሥር ክፍለ ጊዜ በማንዋል የሠለጠነ ሰው ሁለቱንም እንዲነዳ ፈቅዳለች። እናንተ ጋ በማንዋል መማር ለሥራም ለኑሮም ያስፈልግ ይሆናል። የሚያስተምረውም የራሱ ፍሬን እግሩ ሥር ያለ የሠለጠነ አስተማሪ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም። በአውቶማቲክ ተፈትኖ ያለፈ ልጅ በ20 ዓመቱ ማንዋል ልማር ቢል የሚከለክለው የለም። ለምን እንቸኩላለን?

ታዲያ ለወዳጄ ምን አልኩት? መጀመሪያ ስለ መኪናው። ከ2012 ወዲህ የተሠራ፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ጉልበቱ ያልበዛ አውቶማቲክ ፈልግ። በጣም ትንሽ መኪና አትግዛ፣ ትንሽ መኪና ከትልቅ ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው ትንሹ ነው። አቅምህ ከቻለ ራሱ ፍሬን የሚይዘውን ፈልግ። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ኮንሱመር ሪፖርትስ ከሚባለው የሸማቾች ድርጅት ጋር ሆኖ ለታዳጊዎች የሚመክራቸውን ያገለገሉ መኪኖች ከነዋጋቸው በነጻ ያወጣል። እሱን ሳታይ ወደ ሻጭ አትሂድ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓቱ። ሜሪላንድ ልጁ ለጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ከመፈተኑ በፊት ከወላጅ ጋር 60 ሰዓት እንዲነዳ ትጠይቃለች፣ 10ሩ በማታ። ቨርጂኒያ 45 ሰዓት ትላለች፣ 15ቱ ከፀሐይ ግባት በኋላ። ብዙዎቻችን ሰዓቱ የሚመዘገብበትን ቅጽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በአንድ ማታ ሞልተን እንፈርማለን። ለትልቁ ልጄ እኔም እንዲህ አድርጌያለሁ። ሁለት ፈረቃ ስለምሠራ ጊዜ የለኝም ብዬ ነበር። ለእህቱ ግን እያንዳንዷን ሰዓት ቆጠርኩ። ወደ ሥራ ስሄድ እሷ ትነዳ ነበር። ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት፣ ሁሉ በእሷ ነው። ማርሽ የሚባል ነገር ስላላስቸገራት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረን የምናወራው ስለ መንገድ ነበር። «ያ ሰውዬ ሊሻገር ነው?» «ያ መኪና ለምን ዘገየ?» አርባኛው ሰዓት አካባቢ እኔ ሳልጠይቃት እሷ ትነግረኝ ጀመር። በዝናብ፣ በማታ፣ 495 ላይ ስንሄድ «አባዬ፣ ከፊት ሁሉም ፍሬን ይዘዋል» ብላ ገና ሩቅ ሳለን ፍጥነቷን ቀነሰች።

ትልቁ ልጄ አሁን 22 ዓመቱ ነው። በዚህ ጸደይ መጥቶ «ያንን ማንዋል እንደገና አስተምረኝ» አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን አዋሰን። ሁለት እሁድ ብቻ ነው የፈጀብን። በሁለተኛው ቀን ዳገት ላይ ያለ እጅ ፍሬን አስነሳ፣ ዓይኑም ከመንገዱ አልተነሳም።

ወዳጄ ማንዋሉን ትቶታል። መኪና እስኪያገኝ በእኔ አውቶማቲክ ልናለማምደው ተስማምተናል። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ልጁን ይዞ ይመጣል። ቅጹንም እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ፣ ባዶውን።